ጌታው በሌለበት ቀን
የራስ አበበ አረጋይ ሕይወትና የጸጥታ አስከባሪ ታማኝነት



በሮቤም ሆነ በጎባ፣ በዲንሾም ሆነ በአጋርፋ የምንኖር ሰዎች የደንብ ልብስ የለበሰ ዘመድ ወይም ጎረቤት አናጣም። ልጁን ወደ ፖሊስ ማሠልጠኛ የሸኘ አባት በመካከላችን አለ፤ ባልዋ በሌሊት ጥበቃ ላይ ሳለ ልጆችዋን ይዛ የምትጸልይ እናትም አለች። እነዚህ ቤተሰቦች የሚያነሡት፣ ለካቴኪስቶቻችንም በየጊዜው የሚቀርብላቸው አንድ ጥያቄ አለ። ጸጥታ አስከባሪ ታማኝ መሆን የሚገባው ለማን ነው? አብሮት ለሚበላውና ለሚጠጣው ባልደረባው ነውን? ለሾመው አለቃ ነውን? ወይስ እንዲጠብቀው አደራ ለተሰጠው ሕዝብ?

ጌታችን በወንጌል ስለ አንድ አገልጋይ አስተምሮናል። የቤቱ ጌታ ሩቅ አገር ሄዶ በዘገየ ጊዜ ያ አገልጋይ ባልንጀሮቹን ይመግብ እንደ ሆነ ወይስ ይደበድብ እንደ ሆነ ይፈተናል። ጌታው በቤት ሳለ ሁሉም ታማኝ ይመስላል፤ ማንነት የሚለየው ጌታው በሌለበት ቀን ነው። በዚህ እትም የምናቀርበው የሕይወት ታሪክ ይህ ፈተና በእውነት የደረሰበት ኢትዮጵያዊ የፖሊስ አዛዥ ታሪክ ነው።

ራስ አበበ አረጋይን እንደ ቅዱስ አድርገን ለማቅረብ አንነሣም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልጅ፣ ብርቱ አርበኛ፣ በኋላም ብዙ ሥልጣን የያዙ መስፍን ነበሩ። በሕይወታቸው የሚያኮራም የሚያሳዝንም አለ። ሆኖም ሁለቱም ያስተምሩናልና ሁለቱንም እንመለከታለን።

የአራዳ ዘበኛ አለቃ

አበበ አረጋይ በ1895 ዓ.ም. ገደማ በሸዋ፣ በጅሩ ምድር ተወለዱ። አባታቸው አፈ ንጉሥ አረጋይ በከሬ ይባላሉ፤ በእናታቸው በኩል የዝነኛው የኦሮሞ የጦር መሪ የራስ ጎበና ዳጬ የልጅ ልጅ ነበሩ። የዘመኑ የመኳንንት ልጆች እንደሚያድጉት በቤተ መንግሥት አገልግሎት ውስጥ ካለፉ በኋላ ባላምባራስ ተብለው የአዲስ አበባ ከተማ የፖሊስ አዛዥ ሆኑ።

በዚያን ጊዜ የነበረው የከተማ ፖሊስ ሕዝቡ የአራዳ ዘበኛ እያለ የሚጠራው ነው። ቁጥሩ ጥቂት፣ ሥልጠናውም በቅርቡ የተጀመረ ነበር። ዘበኛው ሌባ ይይዛል፣ ገበያ ይጠብቃል፣ ሌሊት በየመንገዱ ይዞራል። አገር ሲፈርስ ምን ማድረግ እንዳለበት ግን ማንም አላስተማረውም።

አገሩ የፈረሰው ደግሞ በአንድ ወር ተኩል ውስጥ ነው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው የኢትዮጵያ ጦር በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ በታገዘው የኢጣሊያ ሠራዊት ተሸነፈ። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት ለማለት በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጠላት ከተማይቱን እስከ ያዘባት እስከ ሚያዝያ 27 ድረስ አዲስ አበባ ጌታ እንደሌለው ቤት ሆነች። ከጦር ሜዳ የተመለሱ የተራቡና የታጠቁ ወታደሮች፣ የከተማው ሥራ ፈቶችም ሱቁንና ግምጃ ቤቱን ዘረፉ፤ ቤቶች ተቃጠሉ፤ የውጭ አገር ሰዎች በየሌጋሲዮኑ ተጠለሉ፤ ብዙ ሰው ሞተ።

እነዚያ ቀናት ለፖሊስ አዛዡ የመራራ ፈተና ቀናት እንደ ነበሩ ለመረዳት አያዳግትም። በእጃቸው የነበረው ኃይል የታጠቀውን ሕዝብ ሊመክት አልቻለም፤ ከተማይቱም ከዘረፋ አልዳነችም። ይህን እውነት መሸፋፈን አይገባም፤ ምክንያቱም በዛሬው ዘመንም ቢሆን በቅን ልቡና እየሠራ የማይሳካለት ጸጥታ አስከባሪ ብዙ ነው። ከሽንፈቱ በኋላ የሚመርጠው መንገድ ግን የራሱ ነው። በአበበ ፊት ሦስት መንገዶች ነበሩ። አንደኛው ወደ ውጭ አገር መውጣት ነው። ሁለተኛው ለአዲሱ ገዥ መገዛትና ሹመት መቀበል ነው፤ ጠላት ከተማ የሚያውቅ የፖሊስ አለቃ ያስፈልገው ነበርና ይህ ሩቅ አልነበረም። ሦስተኛው አደራ የሰጣቸው መንግሥት በሌለበት አደራውን ይዞ መቀጠል ነው። ባላምባራስ አበበ ጥቂት ተከታዮቻቸውን ይዘው ወደ ተወለዱበት ወደ ሰሜን ሸዋ ተራሮች ወጡ።

አምስቱ ዓመታት

በሐምሌ ወር 1928 ዓ.ም. አርበኞች በልዩ ልዩ አቅጣጫ አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ባደረጉት ሙከራ አበበ አረጋይም ከተዋጊዎቹ አንዱ ነበሩ። ሙከራው ከሸፈ። አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡን ለጠላት እንዳይገዛ በማውገዛቸው በዚያው ወር በአደባባይ በጥይት ተገደሉ። ከሙከራው መሪዎች የራስ ካሣ ልጆች ደጃዝማች አበራና ደጃዝማች አስፋ ወሰን በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. የምሕረት ቃል ተሰጥቷቸው ሲገቡ በፍቼ ተገደሉ። ይህ የፈረሰ ቃል በአበበ ልብ ውስጥ እንደ ቀረ ከኋለኛው ሥራቸው ይታያል።

በዚሁ ዘመን የእኛዋ የባሌ ምድርም የታማኝነት ምስክር ነበራት። የባሌ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች በየነ መርዕድ ጦራቸውን ይዘው በዋቢ ሸበሌ በኩል ተዋግተዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ከወጡ በኋላም መሣሪያ አላስረከቡም። ከራስ ደስታ ዳምጠውና ዛሬ በአዲስ አበባ የፈረንሳይ ትምህርት ቤት በስማቸው ከሚጠራው ከደጃዝማች ገብረ ማርያም ጋር ሆነው ከደቡብ ወደ ጉራጌ እየተዋጉ ዘለቁ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በጎጌቲ ተከበቡ። ደጃዝማች ገብረ ማርያም በውጊያው ወደቁ፤ ደጃዝማች በየነ ተይዘው ተገደሉ፤ ራስ ደስታም ከጥቂት ቀናት በኋላ ተይዘው ተረሸኑ። የደጃዝማች በየነ ባለቤት ልዕልት ሮማነ ወርቅ ከልጆቻቸው ጋር ወደ ኢጣሊያ ተግዘው በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ በቱሪን ከተማ አረፉ። እነዚህ ሦስት መኰንኖች በመልካም ቀን ጓደኛሞች እንደ ነበሩ ሁሉ በመጨረሻውም ቀን አልተለያዩም። የመኰንኖች ወዳጅነት ንጹሕ መሆኑ የሚታወቀው እንዲህ ነው፤ አብረው የቆሙት አንዱ የሌላውን በደል ለመሸፈን አልነበረም፤ አብረው የቆሙት ሁሉም በአንድነት ለሚጠብቁት ሕዝብ ነበር።

ወደ ሸዋ እንመለስ። ጎጌቲ ከወደቀችበት ሰሞን ሳይርቅ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በመጣሉ ብዙ ሺህ ሰው ተጨፈጨፈ። ከጭፍጨፋው ያመለጠው ወጣት ሁሉ ወደ ዱር ሲወጣ በሰሜን ሸዋ የአበበ አረጋይ ጦር መጠጊያው ሆነ። በጅሩ፣ በመንዝ፣ በተጉለትና በቡልጋ ገደላ ገደል አምስት ዓመት ሙሉ ተንቀሳቀሱ። ጠላት ደጋግሞ ከበባቸው፤ ደጋግመውም አመለጡ።

ይህ ጦር ደመወዝ አልነበረውም፤ ስንቁም ከገበሬው ጎተራ የሚወጣ ነበር። ገበሬው ከአርበኛው ጋር እንጀራውን ተካፈለ፤ አርበኛውን ደብቀሃል ተብሎም ቤቱ ተቃጠለበት። በከተማ የቀሩት የውስጥ አርበኞች መድኃኒት፣ ጥይትና ወሬ ይልኩ ነበር። ከእነርሱ አንዷ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ተይዘው ተሠቃዩ፤ እስከ ኢጣሊያ አገር ድረስ ተግዘው ከተመለሱ በኋላም ትግሉን አልተዉም። እንግዲህ ስለ አንድ መሪ ታማኝነት ስንናገር እርሱን በትከሻቸው ተሸክመው ያቆሙትን ስም የለሽ እናቶችና ገበሬዎች መርሳት በደል ነው። መሪው ከሕዝቡ በታች ካልሆነ በስተቀር ሕዝቡ መሪውን አምስት ዓመት አይሸከምም።

በ1932 ዓ.ም. ገደማ ጄኔራል ናሲ በጭካኔ ያልተገኘውን በድርድር ለማግኘት ሞከረ። አበበ አረጋይ እንዲገቡ ሹመትና ክብር ተስፋ ተሰጣቸው። እርሳቸውም ንግግሩን እያስረዘሙ ለደከመው ጦራቸውና ለተራበው አገር የዕረፍት ጊዜ ገዙበት፤ ሊገቡ ይጠበቅ በነበረበት ጊዜ ግን አልገቡም። በዚህ ሥራቸው ላይ የተለያየ አስተያየት ሊሰጥ ይችላል፤ ክርስቲያን የቃልን ክብር ያውቃልና። ሆኖም በፍቼ የተሰጠው የምሕረት ቃል እንዴት እንደ ፈረሰ ያየ ሰው የሌላውን ተስፋ አምኖ የወገኖቹን ሕይወት አሳልፎ ለመስጠት አለመድፈሩ የሚያስወቅሰው አይደለም።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ ሲገቡ አበበ አረጋይ ጠጕራቸውን ያሳደጉ በሺህ የሚቆጠሩ አርበኞቻቸውን ይዘው ተቀበሏቸው። ከተማይቱን ለአምስት ቀን እንኳ ሊያድኑ ያልቻሉት የፖሊስ አዛዥ ከአምስት ዓመት በኋላ በድል ተመለሱባት። ታጥቀው ሳሉ ሥልጣን ለራሳቸው አልያዙም፤ ጦራቸውን ለመንግሥት አስረከቡ። ይህ ሥራቸው በአገራችን ታሪክ ሊዘነጋ የማይገባ ነው።

የሥልጣን ዘመን

ከነፃነት በኋላ ራስ አበበ ያልተሾሙበት ከፍተኛ ሥልጣን ጥቂት ነው። የጦር ሚኒስትር፣ የትግራይ ጠቅላይ ገዥ፣ የአገር ግዛት ሚኒስትር፣ የመከላከያ ሚኒስትር ሆኑ፤ ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮም ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። ፖሊስም በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ አዲስ ተደራጅቶ፣ የአራዳ ዘበኛ የነበረው አገልግሎት በመላ አገሪቱ የሚሠራ ሠራዊት ሆነ።

ነገር ግን ሰው በችግር ጊዜ ያለፈውን ፈተና በምቾት ጊዜ ዳግመኛ ይፈተናል፤ ሁለተኛውም ብዙውን ጊዜ ይከብዳል። በ1935 ዓ.ም. በትግራይ ሕዝቡ በአስተዳደር በደልና በግብር ተማሮ ሲነሣ፣ ዐመፁን እንዲያበርዱ የተላኩት ራስ አበበ ነበሩ። በ1936 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች መንግሥትን ለመርዳት በመቀሌና በአካባቢዋ ቦምብ ጣሉ፤ ሰላማዊ ሰዎችም ሞቱ። ከሰማይ የሚወርድ ቦምብ ምን እንደሆነ በሸዋ ገደሎች ያዩ ሰው፣ ያው ቦምብ በወገኖቻቸው ላይ ሲወርድ የጦሩ መሪ ነበሩ። ጠቅላይ ሚኒስትር በሆኑበትም ዘመን፣ በ1950 እና በ1951 ዓ.ም.፣ በትግራይ ብርቱ ረሃብ ገብቶ ብዙ ሕዝብ ሲያልቅ መንግሥት በሚገባው ፍጥነት አልደረሰለትም።

ይህን የምንጽፈው በሙት ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ ፍርድ የእግዚአብሔር ነው። በዱር ሳሉ የገበሬው ረሃብ የእርሳቸውም ረሃብ ነበር፤ ገበሬው ሲራብ ጦራቸውም ይራባልና። በቢሮ ሲቀመጡ ግን ረሃቡ በወረቀት ተጽፎ የሚመጣ ወሬ ሆነ። አንድ አለቃ ከሚያገለግለው ሕዝብ ጋር ከአንድ መሶብ መብላቱን ባቆመ ቀን አገልጋይነቱ ሳይታወቀው መሸርሸር ይጀምራል። ይህ የጣቢያ አዛዡንም፣ የቁምስና ቄሱንም፣ የማኅበር ሰብሳቢውንም የሚመለከት ነው።

ታኅሣሥ 1953

በታኅሣሥ ወር 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚልን በመጎብኘት ላይ ሳሉ ጌታው በሌለበት ቤት ሌላ ፈተና መጣ። የክብር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ መንግሥት ለመገልበጥ ተነሡ። የፖሊስ ሠራዊት ኮሚሽነር የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል ጽጌ ዲቡም አብረዋቸው ተሰለፉ። እቴጌይቱ ታመዋል ተብሎ የተጠሩት ሚኒስትሮችና መኳንንት እንደ ደረሱ ታሰሩ። ራስ አበበም ከታሳሪዎቹ አንዱ ነበሩ።

ለፍትሕ ስንል የተነሡበትንም ምክንያት እንናገራለን። ግርማሜ በወረዳ ገዥነታቸው ጊዜ የገበሬውን መሬት የማጣት ችግር በዓይናቸው አይተው ለማቃለል የሞከሩና ስለዚህም ከቦታቸው የተነሡ ሰው ነበሩ። የሕዝቡን ድህነት ማንሣታቸው ሐሰት አልነበረም። ይሁን እንጂ የጦር ሠራዊቱና አየር ኃይሉ አልተባበራቸውም፤ በአዲስ አበባ ውጊያ ተጀመረ። መሸነፋቸው በታወቀ ጊዜ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አረንጓዴ አዳራሽ ተይዘው በነበሩት እስረኞች ላይ ተኩስ ተከፈተ። ራስ አበበ አረጋይ፣ ራስ ሥዩም መንገሻ፣ አቶ መኰንን ሀብተ ወልድ፣ የንጉሠ ነገሥቱ የንስሐ አባት አባ ሐና ጅማና ሌሎችም ሞቱ። ከሟቾቹ አንዱ ሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ነበሩ፤ ከመንግሥቱ ንዋይ በፊት ያንኑ የክብር ዘበኛ የመሩ አዛዥ ናቸው። ጄኔራል ጽጌ ዲቡም በውጊያው ሕይወታቸው አለፈ።

ቤተ መንግሥቱ ከዚያ በኋላ ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ፤ ከባሌ ሄደው በስድስት ኪሎ የተማሩ ልጆቻችን በዚያ ግቢ ተመላልሰዋል። በዚያ ሲያልፉ ሊያስቡት የሚገባ ነገር አለ። የታሰረ ሰው በአሳሪው እጅ ያለ አደራ ነው። ጥፋተኛ ይሁን ንጹሕ፣ ወዳጅ ይሁን ጠላት፣ እጁ ባዶ ከሆነበት ጊዜ ጀምሮ ነፍሱ በጠባቂው ትጠየቃለች። በዚያ ሳሎን መኰንኖች ለመኰንኖች የነበራቸው ቃል ኪዳን ጸና፤ ለእስረኛው ያለባቸው አደራ ግን ወደቀ። ጓደኝነት ከአደራ በላይ ሲሆን ወደዚያ ይወስዳል።

ከዚያ ወዲህ በባሌ

ራስ አበበ በሞቱ በሦስተኛው ዓመት ገደማ በባሌ ሕዝቡ በመሬትና በግብር በደል፣ በሹማምንትም ጉቦ ተማሮ ተነሣ። ጦርነቱ ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. ዘልቆ ቆላውንም ደጋውንም ጎዳ። መጨረሻው የተገኘው በጥይት ብዛት ብቻ አልነበረም። የዐመፁ መሪ ዋቆ ጉቱ በ1962 ዓ.ም. እጃቸውን ሲሰጡ ከመንግሥት በኩል የነበሩት ጄኔራል ጃገማ ኬሎ ራሳቸው በልጅነታቸው በዱር በአርበኝነት ያደጉ ሰው ነበሩ። በተራራ የሚኖር ሰው ምን እንደሚሰማው ያወቀ ሰው ከተራራ ላለው ሰው ጋር መነጋገር ይችላል። በዕድሜ የገፉ የጎባና የጊኒር ሰዎች ያን ዘመን ያስታውሳሉ፤ ለልጆቻቸውም ሊነግሩት ይገባል።

ምን እንማር?

ራስ አበበ አረጋይ በሰሜን ሸዋ ከተራበው ጋር ሲራቡ በነበሩበትና በኢጣሊያ እጅ በወደቀችው አገር ሁሉ ላይ ስለ ኢጣሊያውያን መልካም ነገር መስማት ይከብድ ነበር። ሆኖም እግዚአብሔር ምስክሮቹን ከየወገኑ ያስነሣል። መስከረም 12 ቀን 1936 ዓ.ም.፣ ቦምብ በመቀሌ ከመውደቁ ሁለት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ፣ በሮም አጠገብ ሳልቮ ዳክዊስቶ የሚባል የ22 ዓመት ወጣት የካራቢኔሪ ባለ ማዕረግ ሞተ። የጀርመን ወታደሮች በፍንዳታ ለሞተባቸው ጓደኛቸው ብቀላ 22 ንጹሓን ሰዎች ሊረሽኑ ሲሉ እርሱ ያላደረገውን ጥፋት በራሱ ላይ ተቀበለ። እርሱ ተገደለ፤ ሰዎቹ ተለቀቁ። ቤተ ክርስቲያን በ2017 ዓ.ም. ሕይወቱን ስለ ሌሎች አሳልፎ መስጠቱን በይፋ አረጋገጠች። ይህ ወጣት ባልደረቦቹን አልከዳም፤ አለቆቹንም አልናቀም፤ ነገር ግን የመጨረሻው ታማኝነቱ እንዲጠብቃቸው ለተሰጡት ሰዎች ነበር።

መጥምቁ ዮሐንስ ወታደሮች ቀርበው ምን እናድርግ ባሉት ጊዜ ሥራቸውን ተዉ አላላቸውም። ማንንም በግፍ እንዳይዘርፉ፣ በሐሰት እንዳይከስሱ፣ ደመወዛቸውም እንዲበቃቸው አዘዛቸው። በቂሣርያ የነበረው የመቶ አለቃ ቆርኔሌዎስም የደንብ ልብሱን ሳያወልቅ በጸሎቱና በምጽዋቱ ደግነት ታወቀ። ጌታችን ራሱ በመጨረሻው እራት ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ ከሚታጠቡት እግሮች መካከል የይሁዳም እግር ነበረ። የክርስቲያን አለቅነት ከዚያች ሌሊት ጀምሮ መለኪያው ይኸው ነው።

ካቴኪስቶቻችን ይህን ታሪክ ከወጣቶች ጋር ሲያነቡ በሦስት ነገር ላይ ቢወያዩ እንመክራለን። ባልደረባው ጉቦ ሲቀበል ወይም እስረኛ ሲደበድብ ያየ ሰው ዝም ማለቱ ወዳጅነት ነውን? በችግር ጊዜ ከሕዝብ ጋር የነበረ መሪ በሹመት ጊዜ ከሕዝብ እንዳይርቅ ምን ያድርግ? ሽንፈት የደረሰበት ቅን አገልጋይ በማግሥቱ ምን ይምረጥ?

ለሦስተኛው ጥያቄ መልሱን ከባላምባራስ አበበ እናገኛለን። ከተማቸው በእጃቸው ላይ በተቃጠለች ማግሥት ተስፋ ቆርጠው አልተቀመጡም፤ ለጠላትም አልተሸጡም። ያልተሳካውን አደራ በሌላ መንገድ ተሸክመው ተራራ ወጡ። ለቀሩት ሁለቱ ጥያቄዎች ግን መልሱ ከእርሳቸው ውድቀትና ከአሟሟታቸው የሚገኝ ነው። በመንደራችን፣ በጣቢያችንና በቤታችን ጌታው የሌለ የሚመስልበት ቀን በመጣ ጊዜ፣ አምላካችን ባልንጀሮቹን በጊዜው የሚመግብ አገልጋይ ሆነን እንድንገኝ ይርዳን። በሌሊት ጥበቃ ላይ ያሉትንም ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ አሜን።